ጋሼ እርማትና የሁለተኛ ክፍል ቃለ ጽሕፈት

ፎቃችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ጋሼ እርማት ይላቸዋል። ፊት ለፊታቸው ግን የሚደፍር የለም፤ ያኔ «ጋሼ» ብቻ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ሆነው ስለ ሠሩ ነው። ጡረታ የወጡትም ከማተሚያ ቤቱ እንጂ ከእርማቱ አይደለም። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይሁን፣ የውሃ ቢል ይሁን፣ ደረጃው ላይ «እባካችሁ በሩን ዝጉ» የሚል ማስታወቂያ ይሁን፣ ዓይናቸው ያረፈበት ጽሑፍ ቀይ ሳይነካው አያልፍም። አንዴ የሐዘን ደብዳቤ ደርሷቸው፣ አርመው ለሐዘንተኛው መልሰውለታል።

እኔን ያገኙኝ በታፔላዬ ነው። ምድር ቤት ልብስ እሰፋለሁ። ታፔላውን የጻፈልኝ ሰው ንጉሡ ሠ ይበልጥ ያምራል ብሎ «የልብሥ ሥፌት» ብሎልኝ ኖሯል። እኔ ምን አውቄ፤ አምሮ አየሁትና ሰቀልኩት። አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ ጋሼ እርማት ወንበር ላይ ቆመው፣ በአንድ እጃቸው የቀይ ቀለም ጣሳ፣ በሌላው ብሩሽ ይዘው፣ ሁለቱን ሥ ሰርዘው ከላይ እሳቱን ስ ሲጽፉ ደረስኩ።

«ነውር ነው፤ መንገደኛ ያያል» አሉኝ ሲወርዱ።

መንገደኛውማ አየ። እኛ ሰፈር ቀይ የተቀባ ነገር ሊፈርስ የተወሰነበት ነው። በዚያ ሳምንት ሦስት ደንበኞቼ ቤቱ ሳይናድ ብለው ያልተሰፋ ጨርቃቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ሰውየው በሥራቸው ቀልድ አያውቁም ነበር ይባላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ያመለጠቻቸው አንዲት ፊደል ብቻ ናት። አራት መቶ የሠርግ ካርድ ላይ «ደስታችንን ተካፈሉ» መባል የነበረበት «ድስታችንን ተካፈሉ» ተብሎ ወጣ። እስከ ዛሬ ጥፋቱ የፊደል ለቃሚው ነው ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ግን፣ «ሰዉ ካርዱን በደንብ አንብቦት ነው የመጣው፤ ምግቡ ገና በጊዜ አለቀ» እያሉ ይስቃሉ። ቀጥሎ የማወራውን አብዛኛውን የነገሩኝም እሳቸው፣ እትዬ ናቸው። ቀሚስ ሊያስጠብቡ መጥተው ቁጭ ካሉ፣ ቀሚሱ አልቆም ወሬው አያልቅም።

ጋሼ እርማት አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ናት። የእሷ ልጅ ደግሞ ሚጣ ትባላለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። አራቱም ሁለተኛ ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ። የሚጣ መምህርት ሰኞ ሰኞ አሥር ቃላት ትሰጥና አርብ ቃለ ጽሕፈት ትፈትናለች። እሷ ቃሉን ትናገራለች፣ ልጆቹ ይጽፋሉ፤ ሌላ ነገር የለውም። ሚጣን የምታስጠናት እናቷ ነበረች። ፀጉሯን እያበጠረች ቃል ትጠራለች፤ ልጅቷ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጽፋለች። ማበጠሪያው ሲይዛት «ወይኔ» ትላለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። በዚህ ዓይነት ሰባትም ስምንትም ታገኝ ነበር። አንዴማ ዘጠኝ አምጥታ፣ እትዬ ደብተሩን ይዘው ከፎቅ ፎቅ ዞረዋል።

በኋላ የነርሷ ሥራ ወደ ከሰዓት ተዛወረ። ሚጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷ ወጥታለች። እናት ስትመጣ ልጅ ተኝታለች። ምሳ ላይ «እንግዲህ ማን ያስጠናት?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጋሼ እርማት ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ይሄ እኮ የኔ ሙያ ነው» አሉ።

«ያንተ ሙያ ሰው ከጻፈ በኋላ ነው የሚጀምረው» አሉ እትዬ። «ልጅቷ ገና አልጻፈችም።»

ማንም አልሰማቸውም። ሰኞ ሚጣ የቃላቱን ዝርዝር ይዛ መጣች። መምህርቷ በእጇ የጻፈችው ነው፦ ፀሀይ፣ አይን፣ አሳ፣ ስራ፣ ሀኪም፣ አመት፣ ሰማይ፣ ቤት፣ በር፣ ውሻ። ጋሼ እርማት መነጽራቸውን አድርገው፣ ቀዩን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ልጅቷ ልትጽፍ እርሳሷን ቀርጻ ስትጠብቅ፣ እሳቸው መምህርቷን ማረም ጀመሩ። ከአሥሩ ስድስቱ ወደቁ። ሰማይ፣ ቤት፣ በርና ውሻ ብቻ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ከዝርዝሩ ግርጌ «በአክብሮት፦ እንደገና ተጽፎ ይላክ» የሚል ጻፉበትና በማግስቱ በሚጣ ቦርሳ ሰደዱት።

መምህርቷ ደግ ልጅ ናት። ደብተሩ ላይ እንዲህ ስትል መለሰች፦ «ስለ ክትትልዎ አመሰግናለሁ፣ አባባ። በዚህ ክፍል የምንፈትነው ድምጹን ነው። በየትኛውም ፊደል ቢጽፉ እንቀበላለን።»

ጋሼ እርማት ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ «ድምጹን» የሚለው ላይ አሠመሩ። «ድምፅ በፀሐዩ ፀ ነው» አሉ። «ስለ ድምፅ የምታስተምረው ድምፅን አታውቀውም።»

ትምህርቱ ያኔ በሁለተኛ ፎቅ የምግብ ጠረጴዛ ላይ በይፋ ተጀመረ። እትዬ ማዕድ ቤት ሆነው እያዳመጡ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሙሉውን የሄደው በአንዲት ዓሣ ነው።

«ዓሣ ስንት ፊደል ነው?»

«ሁለት» አለች ሚጣ።

«መልካም። የመጀመሪያው አልፋው አ ነው ወይስ ዐይኑ ዐ?»

ሚጣ አሰበች። «ዓሣ ዐይን አለው፤ ስለዚህ ዐይኑ።»

ጋሼ እርማት መነጽራቸውን አስተካከሉ። «መልስሽ ልክ ነው፤ ምክንያትሽ ግን ስሕተት ነው» ብለው ነጥብ ከለከሏት። «ሁለተኛውስ? እሳቱ ሰ ነው ንጉሡ ሠ?»

«እሳቱ» አለች ሚጣ፤ አሁን እርግጠኛ ሆናለች። «ዓሣ የሚጠበሰው እሳት ላይ ነው።»

እትዬ ማዕድ ቤት ውስጥ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ሳህን ከእጃቸው አመለጠ። ጋሼ እርማት አልሳቁም። ዓሣ ለምን በንጉሡ ሠ እንደሚጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል አስረዱ። በመጨረሻ ልጅቷ አንድ ጥያቄ ጠየቀች።

«አባባ፣ ሲጠሩት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ታዲያ በምን ይለያሉ?»

«በማወቅ» አሉ ጋሼ እርማት።

አርብ ደረሰ። መምህርቷ በመጀመሪያ «ሰማይ» አለች። ሃምሳ አንድ ልጆች አቀርቅረው መጻፍ ጀመሩ። ሚጣ እጇን አወጣች።

«የትኛው ሰ?»

«የቀለለሽን ጻፊ፣ የኔ ቆንጆ።»

«አባባ የቀለለሽን የሚባል ሰ የለም ብሏል።»

ለ«ስራ» እጇን አወጣች። ለ«ፀሀይ» ሁለት ጊዜ አወጣች፤ አንዴ ለፀ፣ አንዴ ለሀ። የቀሩት ልጆችም ነገሩ ጣማቸውና ከኋላ ወንበር ሳይቀር «የትኛው? የትኛው?» ይሉ ጀመር። አንዱማ «ውሻ» ሲባል «የትኛው ው?» ብሎ ጠየቀ። መምህርቷ ክፍሉን ጸጥ አድርጋ ስትጨርስ የሚጣ ደብተር ላይ ሦስት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ ቤት፣ በርና ውሻ። የቀረው ባዶ መስመር ነው። ሰማይን ሳይቀር ትታዋለች።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ጋሼ እርማት ሦስቱን ሲያዩ፣ «በሽታው ሥር የሰደደ ነው» አሉና ትምህርቱን በእጥፍ አሳደጉት። በሚቀጥለው አርብ ሁለት አገኘች። ክፍል ውስጥ «የትኛው» የሚል ስም ወጣላት። በሦስተኛው አርብ ጠዋት ሆዴን አመመኝ አለች። እናቷ አጋድማ ሆዷን ነካካች፣ ግንባሯን ዳሰሰች። ትኩሳት የለ፣ ምን የለ። «ምን በልተሽ ነው?» ስትላት ልጅቷ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበች። ቅዳሜ ሆዷ ተሻላት።

ሚጣ አንድ ልማድ ነበራት። እናቷ ወደ ከሰዓት ሥራ ከተዛወረች ወዲህ፣ ከመተኛቷ በፊት ፍሪጁ ላይ ወረቀት ትለጥፍላታለች። «እማዬ ደህና እደሪ። ወጡን ብይ።» «እማዬ ደህና እደሪ። ጥርሴ ወለቀ።» ነርሷ ከሰዓቱን ሙሉ በሽተኛ ስታነሣና ስታስተኛ ውላ ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው ይህንን ነው። አሁን ግን በወረቀቱ ላይ ጽሑፍ ጠፋ። አበባ ይሣላል፣ ድመት ይሣላል፣ ፀጉሯ የቆመ ሴትዮ ትሣላለች። እናትየው ልጄ ሰዓሊ ልትሆን ነው ብላ ተደስታ ነበር። በዕረፍት ቀኗ ፀጉሯን እያበጠረችላት ጠየቀቻት።

«ምነው ደብዳቤ ተውሽ?»

ሚጣ «ደህና የሚለው በየትኛው ሀ እንደሆነ ጠፋብኝ» አለች። «ሥዕል አይታረምም።»

ነርሷ ማበጠሪያውን በልጅቷ ፀጉር ውስጥ እንደ ተሰካ ትታው ተነሣች። ጋሼ እርማት በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ እያረሙ ነበር። ጋዜጣው መታተሙን አያቆም፣ እሳቸው ማረሙን አያቆሙ።

«አባዬ፣ ልጄ ደህና እደሪ ልትለኝ ፈራች» አለቻቸው።

ጋሼ እርማት ቀና ብለው አዩአት። እትዬ እንደሚሉት ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር አልፎ ነበር፤ ድንጋጤ ይመስላል። ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደኅና በብዙኃኑ ኀ ነው» አሉ።

ነርሷ ብዙ አስቸጋሪ በሽተኛ አይታለች፤ አልጮኸችም። ቀዩን እስክሪብቶ ከጣቶቻቸው መካከል አውጥታ ኪሷ ከተተችው። «ከዛሬ ጀምሮ የልጄን ደብተር እንዳትነካ» አለችና ወደ ማበጠሪያው ተመለሰች።

ጋሼ እርማት ሦስት ቀን አኮረፉ። ምሳ ቀርቦላቸው «አልራበኝም» ይላሉ፤ ሰው ሲነሣ ይበላሉ። በአራተኛው ቀን ከረባት አስረው፣ ያረሟቸውን ዝርዝሮች በሙሉ በአቃፊ ይዘው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። መምህርቷ በዕረፍት ሰዓት፣ ከእጇ ላይ ጠመኔ እያራገፈች አነጋገረቻቸው። አቃፊውን አንድ በአንድ ዘረጉላት።

«አባባ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው» አለች። «ግን ሃምሳ ሁለት ልጆች አሉኝ። የፊደሉን ዘር ሲያድጉ ይደርሱበታል። አሁን የምፈልገው እርሳስ ሳይፈሩ እንዲይዙ ነው። ሚጣ በፊት አትፈራም ነበር።»

«በፊትማ አታውቅም ነበር።»

መምህርቷ ትንሽ አሰበችና፣ «እንግዲያው አርብ ይምጡና ከልጆቹ ጋር ይጻፉ» አለቻቸው። «ደስ ይላቸዋል።»

ወጥመድ አልነበረም፤ መምህርቷ ከልቧ ነው የጋበዘቻቸው። ጋሼ እርማት ግን እንደ ሽልማት ነው የቆጠሩት። ቤት ገብተው ለእትዬ «ባለሙያ ሆኜ ተጠርቻለሁ» አሉ።

«አትሂድ» አሉ እትዬ።

ሄዱ። የሁለተኛ ክፍል ወንበር ለሁለተኛ ክፍል ልጅ የተሠራ ስለሆነ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ መጣ። ሚጣ አጠገባቸው ተቀምጣ ዓይኗን ከጠረጴዛው አላነሣችም። መምህርቷ ለልጆቹ «ዛሬ እንግዳ አለን» ብላ አስተዋወቀቻቸውና የመጀመሪያውን ቃል ጠራች።

«ኃይል።»

ጋሼ እርማት ብዕራቸውን አነሡ። ሲያነሡ ትዝ አላቸው። ኀይል ነው ወይስ ኃይል? ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በዚህ ነገር አራሚው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ስምንት ዓመት ተኮራርፏል። ኀይል ብለው ጻፉ። ሰረዙት። ኃይል አሉ። እንደገና ሰረዙት። ቀና ሲሉ መምህርቷ ሦስተኛው ቃል ላይ ናት።

«ሁለተኛው ይደገም» አሉ።

«ሁለት ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ አባባ። ያለፈው ይለፍ።»

ሦስተኛውን ጻፉ። አራተኛው ላይ እጃቸው ቆመ። ከፊታቸው ያለው ወረቀት ባዶ ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ ወረቀት ቀርቦላቸው አያውቅም። ሁልጊዜ ሌላ ሰው ጽፎ፣ ተሳስቶ፣ ላቡን አፍስሶ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ከላይ ሆነው ይሰርዛሉ። አሁን የሚሰርዙት የራሳቸውን ነው። ከረባታቸውን አላሉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያየ አንድ ልጅ ከኋላ «የትኛው?» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ሚጣ አልሳቀችም። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ፣ «አባባ፣ ዝም ብለህ ጻፍ» አለቻቸው። «ካልሆነ ያመልጥሃል።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቃላት ጻፉ።

ሲያልቅ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው ደብተር ተለዋወጡ። የጋሼ እርማት ወረቀት የደረሰው ከሚጣ ማዶ ለተቀመጠች፣ የፊት ጥርሷ ለወለቀ ልጅ ነው። ምላሷን አውጥታ፣ ከሰሌዳው ጋር ፊደል በፊደል እያስተያየች አረመች። ከአሥር አራት ሰጠቻቸው። ከሥሩ ደግሞ መምህርቷ ለእሷ ሁልጊዜ የምትጽፍላትን ጻፈችላቸው፦ «በርቺ።»

ጋሼ እርማት «በርቺ» የሚለውን አዩ። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው ሄደ፤ ኪሱ ባዶ ነበር።

ሚጣ በዚያ ቀን ስድስት አገኘች። አያቷን ስትመለከት መፍራት ረስታ ነው መሰለኝ።

እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ይማራል ይባላል። ጋሼ እርማት በማግስቱ ለርእሰ መምህሩ ሦስት ገጽ አቤቱታ ጻፉ። የአነባበቡ ፍጥነት፣ የወንበሩ ቁመት፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን አቅጣጫ፣ ሁሉም ተዘርዝሯል። ርእሰ መምህሩ ጫፉ ላይ «ከፋይል ይያያዝ» ብሎ ጻፈበትና ነገሩ በዚያው አለቀ። እትዬ ደግሞ አራቷን ነጥብ አልደበቁም። ዘጠኟን ይዘው የዞሩበትን በር ሁሉ፣ አራቷንም ይዘው ዞሩበት። ቀሚሳቸውን ሊወስዱ መጥተው ለእኔ ሲነግሩኝ መርፌ ጣቴን ወግቶኛል።

ከሳምንት በኋላ ጋሼ እርማት ሱቄ ገብተው አዲሱን ደረሰኜን አንሥተው አዩት። «እዚህ ላይ ፊደል ተሳስቷል» አሉ።

«ከአሥር ስንት ነው፣ ጋሼ?» አልኳቸው።

ደረሰኙን አስቀምጠው ወጡ። ሁለት ሳምንት ሰላምታ አልሰጡኝም። ቆጭቶኛል ማለት ነበረብኝ፤ አልቆጨኝም።

እነሱ ቤት ግን ነገሩ እንደዚያው ሊቀጥል አልቻለም። ነርሷ አሁንም ከሰዓት ነው የምትሠራው። እትዬ እንዳያስጠኑ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት በቅርብ ማንበብ አይችሉም። የጎረቤት ልጅ ተሞከረች፤ ስልኳን እያየች ቃል ትዘላለች። አንድ ማክሰኞ ሚጣ ራሷ፣ «አባባ ያንብብልኝ» አለች። «ዝም የሚል ከሆነ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው።»

ድርድሩ ሁለት ቀን ወሰደ፤ ነርሷ ውሉን በቃል አስቀመጠች። ቀይም ሆነ ሰማያዊ እስክሪብቶ አይያዝም። ቃሉ ሁለት ጊዜ ብቻ ይጠራል። እትዬ አጠገባቸው ይቀመጣሉ። ደብተሩን መጀመሪያ የምታየው እናትየው ናት። ጋሼ እርማት «ይሄ ውርደት ነው» አሉና ተስማሙ።

እትዬ እንደሚሉት አሁን ማየት ነው። ጋሼ እርማት እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው፣ እንደ ዜና አንባቢ «ሥራ» ይላሉ። ሚጣ «ስራ» ብላ ትጽፋለች። የላይኛው ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። እትዬ በጠረጴዛው ሥር ጉልበታቸውን ጫን ያደርጋሉ። ጋሼ እርማት ምራቃቸውን ይውጡና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ልጅቷ ስምንት አመጣች፣ ቀጥሎ ሰባት፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዘጠኝ። አርብ ጠዋት ሆዷን አያማትም።

ባለፈው ረቡዕ «ፀሐይ» ብለው ጠሩላት። ሚጣ ጻፈች፤ ጽፋ ግን ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባባ፣ ያንተው ፀሐይ እንዴት ነው የሚጻፈው?»

ጋሼ እርማት መጀመሪያ እትዬን አዩ።

«አንድ ደቂቃ» አሉ እትዬ። «አንድ ብቻ።»

አርባ ደቂቃ ፈጀ። እትዬ የሚሠሩትን ሹራብ ጨርሰው አጠፉት። ሚጣ በጉንጯ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ፣ ዓይኗን ግን ሳትከድን፣ «ሐመሩ» ሲባል «ሐመሩ»፣ «ፀሐዩ» ሲባል «ፀሐዩ» እያለች ትከተላቸው ነበር።